የማራገፊያው ቤት

በሽተኛውን ለድንገተኛ ክፍል አስረክበን፣ ቃሬዛውን አጥበን ስናበቃ ሾፌሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኝ ነበር።

«ሲስተር፣ እናራግፍ።»

ቃሉን ያመጣው ከድሮ ሥራው ነው። አምቡላንስ ከመያዙ በፊት ከቴፒ ቡና የሚያወጣ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የምናራግፍበት ቦታ ከሚዛን አጠገብ ካለችው አማን ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ያለች፣ ጀርባዋን ለሙዝ ተክል የሰጠች ቆርቆሮ ቤት ናት። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት የቤንች ሴት ነች፤ «ማዘር» እንላታለን። አማርኛዋ አጭር ነው። «ግቡ»፣ «ብሉ»፣ «ጨምሩ»፣ «ዝናብ መጣ»፤ ከዚህ ብዙም አይርቅም። አስተናግዳን ስታበቃ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው ማድቤቷ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ የምንሰማው የዕቃዋን ኮሽታ ብቻ ነው።

የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ ገና ሳንወርድ ሳህኑን ታነሳለች። ሰፊ ሳህን ነው። የተቀቀለ ጎደሬ፣ ቦሎቄ፣ ቃሪያ የገባበት ጎመን፣ ትኩስ ቆጮ ይቆለልበታል፤ አጠገቡ ስኳር የበዛበት ሻይ። ሾፌሩ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ጴንጤ ስለሆነ የኔ ጾም አያስገድደውም። ግን እኔ ስጾም ለብቻው ሥጋ አዝዞ አያውቅም፤ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው።

«እናንተ ኦርቶዶክሶች» ይላል ጎደሬውን እየላጠ፣ «ይኼን ሁሉ ቆልላችሁ እየበላችሁ ጾምን ትላላችሁ። እኛ ስንጾም አይበላም፣ አይጠጣም።»

«እናንተማ መቼ እንደምትጾሙ ማን ያውቃል? ራሳችሁም አታውቁትም።»

ይስቃል። ሲስቅ ሆዱ ጠረጴዛውን ይገፋዋል።

ሕግ ነበረን። የመጀመሪያው ጉርሻ እስኪዋጥ ማንም አይናገርም። ከተዋጠ በኋላ እሱ «በይ ከመጀመሪያው» ይለኛል፤ እኔም ስልኩ ከተደወለበት ጀምሬ እነግረዋለሁ። የቤቱ በር ምን ይመስል እንደነበር፣ ማን እያለቀሰ እንደነበር፣ ደሙ በየት በኩል እንደመጣ፣ ትንፋሹ የት ላይ እንደተቆረጠ። እሱ ሁሉንም የሚያውቀው በጀርባው ነው፤ ይሰማል እንጂ አያይም። እኔ ደግሞ አያለሁ እንጂ መንገዱን አላውቀውም። እኔ ስጨርስ እሱ በተራው የሰማውን ይነግረኛል፦ የት ጋ ጭቃው እንደያዘን፣ የትኛው አይሱዙ አላሳልፍ እንዳለን፣ ልጁ ዝም ያለው የትኛው ድልድይ ላይ እንደነበር። ሁለቱ ግማሾች ሲገጣጠሙ ሳህኑም ባዶ ይሆናል። ማዘር ከመጋረጃው ብቅ ብላ «ጨምሩ» ትላለች። እንጨምራለን።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ነርስ ሆኜ ስመረቅ የምንመደበው በዕጣ ነበር፤ እጄን ሰድጄ ሚዛን ተፈሪ የሚል ወረቀት ሳወጣ እናቴ የሞትኩባት ያህል አለቀሰች። ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ መጣሁ፤ ሳልመለስ እናቴም አለፈች፣ እኔም ቀረሁ። አማን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። እዚህ አገር ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጸሎት የምታደርስ ሴት የራሷን ድምፅ አትሰማም። አልፎ አልፎ ማድረሴንና አለማድረሴን እንኳ እጠራጠራለሁ።

ረሃብን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጠብቅ ያደግሁ ሰው ነኝ። የጾም ረሃብ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ አቡነ ዘበሰማያት ሲሉለት ረገብ ይላል። ከሥራ በኋላ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ጓንቴን ሳወልቅ ነው የሚጀምረኝ፤ መጀመሪያ ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከዚያ መንጋጋዬ ይይዘኛል፣ ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ ወደ አፌ ማስገባት ያምረኛል። ጣዕሙን አላውቀውም። ጠግቤም አላቆምም፤ የማቆመው ሲያመኝ ነው። ጾም አልገደፍኩም፤ ሥጋም ወተትም አልነካሁም፣ ሰዓቴንም ጠብቄያለሁ። የንስሐ አባቴ «ጾሙን እንዴት ያዝሽው ልጄ?» ሲሉኝ «ደኅና ነው አባ» እላለሁ። ስለ ቦሎቄና ስለ ዳቦ ብዛት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የሾፌሩን እግር ያየሁት በፍልሰታ ጾም ነው። ነሐሴ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ቀይ ጭቃ፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ቦቲ ውስጥ። ከመኪናው ሲወርድ ግራ እግሩን እየሳበ አየሁት።

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ?»

«ክላቹ ነው ሲስተር። ክላቹ ጠጠር ብሏል።»

«ክላች እግር ያስነክሳል?»

«ያንን መኪና ብትነጂው አንቺም ታነክሻለሽ።»

ቦቲውን አስወለቅሁት። ከትንሿ ጣት አጠገብ ያለችው ጣት በጎን በኩል ጠቁራ፣ ቁስሏ እርጥብ ሆኖ፣ ካልሲው ተጣብቆባት ነበር። አያመኝም አለኝ። አለማመሙ ነው ያስደነገጠኝ። መኪናው ውስጥ ባለው የስኳር መለኪያ የእጁን ጣት ወጋሁት፤ መለኪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ ከልክ በላይ ነው የሚለውን ምልክት አሳየኝ።

«አውቃለሁ» አለ ፊቴን አይቶ። «ኪኒን አለኝ። ስኳር እንዳለኝማ ሚስቴ ድሮ ነው የነገረችኝ፤ ጣፋጭ ነህ እያለች።»

አልሳቅሁም። እዚያው ሐኪሙ ዘንድ ይዤው ገባሁ። ሐኪሙ ቁስሉን በጥንቃቄ ገልጦ ካየ በኋላ ቀስ ብሎ ተናገረ፦ ቁስሉ በየቀኑ ይታጠብ፣ ኪኒኑ አይቋረጥ፣ ምግቡ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይለወጥ። ጎደሬው፣ ቆጮው፣ የሻዩ ስኳር ይቀነስ። አለበለዚያ ጣቱ ይቆረጣል። ጣቱን ተከትሎ ሌላውም ሊሄድ ይችላል። «በዚያ እግር ደግሞ አምቡላንስ አይነዳም» አለ።

ሾፌሩ ለጣቱ ምንም አልመሰለውም። መንዳቱን ሲሰማ ነው ፊቱ የተለወጠው።

በማግስቱ ሚስቱ ምሳ ዕቃውን ይዛ መኪናው የሚቆምበት ድረስ መጣች። ቀጭን ሴት ናት፣ ነገር አታበዛም። «ሲስተር» አለችኝ እጄን ይዛ፣ «ቤት ውስጥ እኔ እጠብቀዋለሁ። መንገድ ላይ ግን አደራው ያንቺ ነው። ይኼ ሰው መንዳት ከቀረበት እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነው የሚሞተው።»

አደራ አለችኝ። አደራ ለኔ ቀላል ቃል አይደለም። ያን ዕለት ከርክክብ በኋላ ብቻዬን ማዘር ዘንድ ሄጄ በእጄም በአፌም አስረዳኋት፤ ሳህኑ ቀርቷል፣ እኛም አንመጣም፣ እሱ ታሟል። ሳህኑን ደረቷ ላይ ይዛ ሰማችኝ። «አትመጡም?» አለች። «አንመጣም» አልኳት። «እህ» አለችና ወደ መጋረጃዋ ገባች።

ከዚያ በኋላ በሽተኛ አስረክበን ቀጥታ ወደየቤታችን ሆነ። ሾፌሩ አልተከራከረኝም። ያቺ ቤት አጠገብ ስንደርስ መሪውን ጨበጥ አድርጎ ፊት ለፊቱን ያያል፤ እኔም በመስኮት ወደ ሌላው አቅጣጫ አያለሁ። ምንም አንነጋገርም። ቤቱ ከታለፈ በኋላ ምን ብሎ ወሬ ይጀመራል? እሱ በሩ ላይ ሲያወርደኝ «ደኅና ዋይ ሲስተር» ይላል፤ «ደኅና ዋል ጋሼ» እላለሁ። በቃ።

ቁስሉን በየቀኑ እኔው አጥብለት ነበር። መጀመሪያ ላይ የደረቀ መሰለ። ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር።

እኔ ግን ክፍሌ ስገባ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ ዳቦው ላይ ነበርኩ። ወንበር ስቤ አልቀመጥም፤ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምበላው። ዳቦ፣ ከዳቦው ጋር ሙዝ፣ ሙዙ ሲያልቅ ቆሎ። ድሮ ሳህኑ ሲያልቅ ወሬውም ያልቅ ነበር፤ አሁን የሚያልቅ ነገር የለም። ስተኛ ያየሁት ሁሉ ከነዳቦው ሆዴ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ቀሚሶቼ ጠበቡኝ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሴቶች «ተመችቶሻል! ሚዛን ተስማማሽ» ይሉኛል። «ተመስገን» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ያመጣሁት መፍትሔ ደግሞ የባሰ ነበር። ጾም ጨመርኩ። ግዴታ ያልሆነውን የጽጌን ጾም ያዝኩ፣ ሰዓቱንም ከዘጠኝ አሳልፌ እስከ ማታ አደረግሁት። ሆዴን የምቀጣው መስሎኝ ነው። ቀኑን በባዶ ሆድ ስዞር ውዬ፣ ማታ ስገባ ዳቦውን የሚበላው እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ።

ኅዳር ላይ የቡና ለቀማው ደርሶ ነበር። ከሩቅ አገር የመጡ ለቃሚዎች በአይሱዙ ላይ ቆመው ነው የሚጓጓዙት። ከቴፒ በኩል አንዱ መንገድ ስቶ ገደል ገባ ተብሎ ተደወለልን። ስንደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ጆንያው፣ ጫማው፣ ሰዉ አንድ ላይ ተበትኖ ቀይ እሸት ቡና በጭቃው ላይ ተዘርቷል። ሌሎች መኪኖችም መጡ። እኛ የጫናት አንዲት ልጅ እግር ሴት ነበረች፤ ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደሆነ ፊቷን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እሸት ቡና ይዛበት ነበር፤ ቃሬዛው ላይ ስናወጣት ተፈታና ቡናው መኪናው ወለል ላይ ተንከባለለ።

ግሉኮስ ሰካሁላት፣ ኦክስጅን አደረግሁላት። ሳይረኑ ይጮሃል፣ ሾፌሩ የሚችለውን ያህል ይነዳል። መንገዱ አሮጌ ነው፤ ስንዘል አብረን እንዘላለን። ቴፒን ከራቅን በኋላ እጄን ያዘችና አንድ ነገር አለችኝ። ደግማም አለችው። ሚዛን ሳንደርስ፣ ከዚያ ትልቅ መታጠፊያ በፊት እጇ ለቀቀኝ።

ያን ቀን አስረክበናት ስንመለስ፣ ያቺን ቤት ስናልፍ ሾፌሩ መኪናውን ቀዝቀዝ አደረገ። ሊቆም የፈለገ መሰለኝ። እኔ አደራዬን አሰብኩና «ቀጥል ጋሼ» አልኩት። ቀጠለ።

መኪናውን አጥበነዋል፤ ግን እሸት ቡና እንደሚሆነው አንዳንዷ ፍሬ በየስንጥቁ ገብታ ቀርታ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ መኪናው ውስጥ የኮመጠጠ ሽታ መጣ። መጥረጊያ ይዤ ፍሬዎቹን እየፈለግሁ ከኋላ ወደ ፊት ስጠርግ፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር የመጥረጊያው ጫፍ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነካ። ጎንበስ ብዬ ሳየው የብስኩት ላስቲክ ነው። የተጨማደደ፣ ብዙ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተጠቀጠቀ። የሙዝ ልጣጭ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ግማሹ የተበላ አምባሻ። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድነው?»

«የኔ ነው።»

«እግርህን ልታጣ ነው እኮ! ለሚስትህ ምን ልበላት?»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጎረቤቴ ነው ሲስተር። ባለፈው 'ያቺ ነርስ ስንት ልጅ ነው ያላት?' ብሎ ጠየቀኝ።»

ልጅ እንደሌለኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ሳቅ አመለጠኝ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። ሾፌሩ ወደ ውስጥ ገብቶ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እዚያ ቦታ ተቀምጦ ያየሁት ያኔ ነው።

«ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ማን?»

«ልጅቷ። ደግማ ስትናገር ሰምቻለሁ። ሳይረኑ እየጮኸ ቃሉን አልያዝኩትም።»

«ቡናዬን ማን ያዘልኝ ነው ያለችው። እኔ ይዤልሻለሁ አልኳት።»

ፊቱን በመዳፉ አበሰ።

«እኔ ቀስ በል የምትል መስሎኝ» አለ። «እያዘለልኩ የምገድላት መስሎኝ። ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ…» አልጨረሰውም። ላስቲኮቹን በእግሩ ወደ አንድ ጎን ሰበሰባቸው።

ያን ጊዜ የምነግረው እዚያ ቤት፣ ሳህኑ ፊት ተቀምጠን ነበር። ሳህኑን ሳስነሳ ምን አብሬ እንዳስነሳሁ የዚያን ቀን ገባኝ። ምግቡን እንደሆነ ሁለታችንም አልተውነውም፤ ከሰው ፊት አንስተን ከወንበር ሥርና ከግድግዳ ጥግ ወሰድነው እንጂ።

በዚያው ሰሞን ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዲጨምሩልኝ የፈለግሁት ጾምና ስግደት ነበር። አዛውንት ናቸው፣ መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። «የጨመርሽውን ጾም ተይው» አሉኝ። «ጌታ ያላዘዘሽን አትሸከሚ። ልጄ፣ አገርሽ ልቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ብቻውን ይተዋል?»

«አይተውም አባ።»

«አንቺ ከሬሳ ላይ ተነስተሽ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ቤቴ።»

«ማን አለ ቤትሽ?»

«ማንም የለም» አልኳቸው። «እንግዲያው ብቻሽን አትግቢ» አሉኝ። ሌላ ቀኖና አልሰጡኝም።

ወደ ማዘር ቤት ተመለስን። አስቀድመን ግን ተስማምተናል፤ ሳህኑ አይቀርብም። ለማዘር ስናስረዳት ግራ ገባት፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ሳይበላ የሚሄድ ሰው ለሷ ስድብ ነው። ገብታ ቆየችና የቡና ቅጠል አፍልታ መጣች፤ እዚህ አገር በሚጥሚጣ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ቀምመው ጨው ጨምረው የሚጠጡትን። ስኳር አይገባበትም። ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን የማይጠጣ አገር ሰው ነኝና ድሮ ሽታውም አይስማማኝም ነበር። የመጀመሪያው ጉንጭ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አየሽ» አለ ሾፌሩ፣ «አሁን ብታለቅሺም ማንም አያውቅብሽም።» ከዚያ ኩባያውን አስቀምጦ «በይ፣ ከመጀመሪያው» አለኝ።

ተራ በተራ ተነጋገርን። ሁሉን ከጨረስን በኋላ እሱ ሚስቱ የሠራችለትን ለመብላት ወደ ቤቱ፣ እኔም ወደ ቤቴ። ሁልጊዜ ተሳካ አልልም። አንዳንድ ቀን ተነጋግሬም ዳቦው ላይ እወድቃለሁ። ግን ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ፤ የተቀመጠ ሰው መጥገቡን ያውቃል። የሱም ስኳር ወረደ። ለገና ሚስቱ ድፎ ዳቦ ልካልኝ «ለሲስተር፣ ቀስ ብላ እንድትበላው» ብላ አስነገረችኝ፤ እሱ ነው መቼም የነገራት።

እግሩ ግን አልጠበቀንም። ላዩ የደረቀው ቁስል ውስጡን እየበላ አጥንት ደርሶ ነበር። ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ ብስኩቱን፣ እነዚያን ዝም ያልንባቸውን ሳምንታት ነገርኩት፤ ያ ነው ወይ ያመጣው ብዬ ጠየቅሁት። «ከዚያም በፊት ሊሆን ይችላል» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ከዚህ የበለጠ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።

ከመሪው አነሱት። የሆስፒታሉ በር ላይ የጥበቃዎቹ ወንበር አጠገብ አስቀመጡት፤ የሚገባውን መኪና ሰሌዳ እያየ በር ያስከፍታል። አምቡላንስ ሲገባ የሚነሳው ግን እሱ ነው፤ በከዘራው ተደግፎ፣ ሞተሩን ከሩቅ እያዳመጠ። «ክላቹን እያቃጠለው ነው» ይላል ስለ አዲሱ ሾፌር። አዲሱ ሾፌር ጎልማሳ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ሥራው ሲያልቅ «ሌላ ነገር አለ?» ብሎ ቁልፉን ይሰጥና ወደ ልጆቹ ይሄዳል። እሱ የት እንደሚበላ አላውቅም። አልጠየቅሁትም።

እኔ ከርክክብ በኋላ ወደ በሩ እሄዳለሁ። ማዘር በፔርሙስ የቡና ቅጠል ትልክለታለች፤ ለኔ ኩባያ ያዘጋጅልኛል። «በይ።» እነግረዋለሁ። እሱ ሲሰማ ቆይቶ በሱ ተራ ዝም ይላል። መንገዱን አላየም፣ ድምፁን አልሰማም። አንድ ቀን «አንቺ ግማሹን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ የኔ ግማሽ ደግሞ የለም» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን አልታዘዘለትም።

ሰኔ ሲገባ፣ ከማሻ በኩል አንዲት ወላድ ይዘን መጣን። ደሙ አልቆም ብሏት ነበር። መኪናው በጭቃ ተይዞ ቆመን፣ ሰዎች ገፍተውን፣ እንደገና ቆመን። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ልጁ ሕያው ነበር፤ እናትየው ግን አልነበረችም። ልጁን አስረክቤ፣ ወለሉን አጥቤ፣ ጓንቴን ሳወልቅ ጣቶቼ ጀመሩ። ወደ በሩ ሄድኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሚስቱ ፔርሙሱንና ከዘራውን ይዛ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ጅማ ወሰዱት» አለችኝ። «እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው የሚቆርጡት አሉ።» ከዚያ፣ እንደ ልማዷ ነገር ሳታበዛ፣ «ከመጣች ይኼን ስጪያት ብሎኛል» ብላ ፔርሙሱን ሰጠችኝ። ባዶ ነበር። ማዘር ዘንድ እንድመልሰው ነው።

ዳቦ ቤቱን ሳልፍ ገባሁ። ትኩስ ወጥቶ ነበር። በላስቲክ ብዙ አድርጌ ገዛሁ፤ ሻጩ እንዴት እንዳየኝ እንኳ አላስተዋልኩም። ላስቲኩ እጄን እያሞቀኝ ወደ ክፍሌ የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ስደርስ ፔርሙሱ በሌላው እጄ አለ። የሰው ዕቃ ነው። የሰው ዕቃ አሳድሬ አላውቅም። ዝናቡ ሳይጀምር ብዬ በዚያው ወደ ማዘር ቤት ቀጠልኩ።

ብቻዬን ስታየኝ ከጀርባዬ መንገዱን አየች። መኪና የለም፣ እሱም የለም። ፔርሙሱን ስሰጣት ያንን ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገኝም፤ እጄን ከጉልበቴ በታች አድርጌ አሳየኋት። «እህ» አለች። ዳቦውን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ አልፈታችውም። ገብታ ቅጠሉን አፍልታ በሁለት ኩባያ ይዛ ወጣች። አንዱን ፊቴ አስቀመጠች። ሌላውን ይዛ ወደ መጋረጃዋ የምትመለስ መስሎኝ ነበር።

አልተመለሰችም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ሾፌሩ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጉንጭ እስክውጥ ጠበቀችኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን መጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታናለች ማለት ነው፤ ከአማርኛው የገባት ይግባት፣ ያልገባት ይቅር፣ ሕጉን ግን ታውቀዋለች።

«ከመጀመሪያው» አለችኝ።

ግማሹን እንደማትረዳኝ አውቃለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀምሯል፤ ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ።

«ስልኩ ሲደወል» አልኳት፣ «ገና ከቅዳሴ መውጣቴ ነበር።»